ዲስኤብልድን «ፎልስ» ብዬውም አዝራሩ የማይነቃው ለምንድን ነው? የኤችቲኤምኤል አትሪቢዩቶችን ስለ መረዳት

አዲስ_ገብ (ጠያቂ)

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የድረ ገጽ መጻፊያ የሆነውን ኤችቲኤምኤል መማር ከጀመርኩ ገና ነው። የመክፈቻና የመዝጊያ ታግ በመካከላቸው ካለው ጽሑፍ ጋር ሆነው አንድ ኤለመንት እንደሚሆኑ ገብቶኛል፤ ርእስና አንቀጽ መጻፍ፣ ዝርዝር መደርደርም አያስቸግረኝም። ግራ የሚያጋባኝ በመክፈቻው ታግ ውስጥ የሚገቡት አትሪቢዩቶች ጉዳይ ነው። አንዳንዱ ስምና እሴት አለው፣ አንዳንዱ በስሙ ብቻ ይቆማል፤ አንዱ ሰው እሴቱን በጥቅስ ይከበዋል፣ ሌላው ያለ ጥቅስ ይተወዋል፤ ሁሉም ደግሞ የሚሠራ ይመስላል።

ወደዚህ ያመጣኝ ጉዳይ የሚከተለው ነው። በምሠራው የመመዝገቢያ ፎርም ላይ የመላኪያው አዝራር መጀመሪያ ዲስኤብልድ በተባለው አትሪቢዩት እንዳይጫን አድርጌ ነበር። በኋላ እንዲጫን ስፈልግ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ (ለንባብ እንዲመች ኮዱን በአጠራሩ በፊደላችን አስፍሬዋለሁ፤ በፋይሉ ውስጥ ያለው በላቲን ፊደል ነው)፦

<በተን ዲስኤብልድ="ፎልስ">ላክ</በተን>

አዝራሩ ግን አሁንም እንደደበዘዘ ነው፤ ቢጫኑትም ምንም አያደርግ። ብራውዘሩም ስሕተት መኖሩን አልነገረኝም። «አልተከለከለም» ብዬ የጻፍኩት እንደ ክልከላ የሚነበበው ለምንድን ነው? እያንዳንዱን አትሪቢዩት ለየብቻው ከመሸምደድ የሚያድን አጠቃላይ መንገድ ካለ ብታስረዱኝ ደስ ይለኛል።

መዝጊያ_ታግ

እንኳን ደህና መጡ። ብራውዘሩ ዲስኤብልድ የተባለውን አትሪቢዩት ሲያገኝ የሚያጣራው «አለ ወይስ የለም?» የሚለውን ብቻ ነው፤ እሴቱን አይመለከትም። ካለ አዝራሩ አይጫንም፤ ከሌለ ይጫናል። በጥቅሱ ውስጥ «ፎልስ» (ሐሰት) ይጻፉ ወይም «ትሩ» (እውነት)፣ የራስዎን ስም ያስገቡ ወይም ባዶውን ይተዉት፣ ውጤቱ አንድ ነው። እንዲህ ያሉት አትሪቢዩቶች ቡልያን ይባላሉ፤ ቼክድ፣ ሪኳየርድ፣ ሪድኦንሊ፣ መልቲፕል፣ እንዲሁም በቪዲዮ ላይ የሚገቡት ኮንትሮልስ፣ ኦቶፕሌይና ሚዩትድ የዚህ ወገን ናቸው። ስለዚህ አዝራሩ እንዲነቃ ዲስኤብልድን ከነእሴቱ መሰረዝ አለብዎት፤ ሌላ መንገድ የለውም።

እንዲያውም የኤችቲኤምኤል ደንብ በቡልያን አትሪቢዩት ላይ «ትሩ» ወይም «ፎልስ» ብሎ መጻፍን ጨርሶ አይፈቅድም። የሚፈቀደው ስሙን ብቻ መጻፍ፣ ባዶ እሴት መስጠት፣ አለዚያም ስሙን ራሱን እንደ እሴት መድገም ነው። ይህ የመጨረሻው አጻጻፍ፣ ማለትም ዲስኤብልድ="ዲስኤብልድ"፣ ቆየት ባሉ ገጾች ላይ በብዛት ያጋጥምዎታል፤ ምክንያቱም እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ኤክስኤችቲኤምኤል 1.0 (ጥብቅ አጻጻፍ ያለው የኤችቲኤምኤል ዐይነት) ማንኛውም አትሪቢዩት ያለ እሴት እንዳይቆም፣ እሴቱም ያለ ጥቅስ እንዳይጻፍ ያስገድድ ነበር። ዛሬ የምንጽፈው ኤችቲኤምኤል ይህ ግዴታ የለበትም።

ስለ አጠቃላይ ቅርጹ ብዙ የሚባል የለም። አትሪቢዩት የሚገባው በመክፈቻው ታግ ውስጥ ከኤለመንቱ ስም ቀጥሎ ነው፤ በመዝጊያው ታግ ላይ ቢጻፍ ይጣላል። የትኛው ቀድሞ የትኛው እንደሚከተል ለውጥ አያመጣም፤ ስሙ በትልቁም ሆነ በትንሹ የላቲን ፊደል ቢጻፍ ያው ነው። አንዱን ስም በአንድ ታግ ላይ መድገም ግን አይቻልም፤ ከተደገመ የመጀመሪያው ይያዝና ሁለተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ ይቀራል። ክላስን (ኤለመንቱን ለስታይል የሚሰይመውን አትሪቢዩት) ሁለት ጊዜ ጽፎ «ስታይሉ ለምን እምቢ አለ?» እያለ የሚጨነቅ ጀማሪ ከዚህ መድረክ ጠፍቶ አያውቅም።

ብራውዘሩ ዝም ማለቱ ያስገረመዎት ይመስለኛል። ኤችቲኤምኤል የሚነበበው በይቅርታ ነው፤ ብራውዘሩ የማያውቀውን አትሪቢዩት ሲያገኝ ገጹን ማሳየት አያቆምም፣ አልፎት ይሄዳል። ለአንባቢ ይህ በረከት ነው፤ ለተማሪ ግን ስሕተቱን የሚደብቅ ልማድ ነው። የድረ ገጽ ደረጃዎችን የሚያወጣው ድርጅት ደብልዩ3ሲ የሚያቀርበውን ነጻ የኤችቲኤምኤል መመርመሪያ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መጠቀም ተገቢ ነው የምለው ለዚህ ነው። ዲስኤብልድ="ፎልስ" ቢያስገቡበት የተሳሳተ እሴት መሆኑን ከነመስመር ቁጥሩ ይነግርዎታል።

አዲስ_ገብ (ጠያቂ)

እጅግ አመሰግናለሁ፤ ሰርዤው አዝራሩ ነቅቷል። ነገር ግን አንድ የሚቃረን ነገር አየሁ። ኮንቴንትኤዲተብል የተባለውን አትሪቢዩት በአንድ አንቀጽ ላይ «ፎልስ» ብዬ ስሰጠው በትክክል ታዘዘኝ፤ አንቀጹ የማይታረም ሆነ። ስሙ ከዲስኤብልድ የተለየ ነገር የለውም፤ ታዲያ አንዱ «ፎልስ»ን ሲሰማ ሌላው የማይሰማው በምን ተለይቶ ነው?

ነጠላ_ሰረዝ

ያነሡት ነጥብ የጉዳዩ እምብርት ነው፤ በኔ እይታ አንድ ጀማሪ አትሪቢዩትን «ገብቶኛል» ማለት የሚችለው ይህን ሲለይ ነው። የአትሪቢዩት ስም ስለ እሴቱ ዐይነት ምንም አይነግርዎትም፤ ዐይነቱን የወሰነው ደንቡ ነው። ኮንቴንትኤዲተብል ቡልያን አይደለም፤ ተለይተው ከተዘረዘሩ ቃላት አንዱን የሚቀበል ነው። ድራገብል፣ ስፔልቼክ እና አሪያ-ሂድን እንደዚሁ «ትሩ» እና «ፎልስ» የሚሉትን ቃላት አንብበው ይለያሉ። ትራንስሌት የተባለው ደግሞ «የስ» ወይም «ኖ» እንዲሉት ይፈልጋል። ስለዚህ አዲስ አትሪቢዩት ሲያጋጥምዎት «ምን ይሠራል?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም፤ «ምን ዐይነት እሴት ይቀበላል?» የሚለውን አስከትለው ይጠይቁ። ይህን ካደረጉ ሽምደዳው በእጅጉ ይቀልልዎታል፤ ዐይነቶቹ ጥቂት ናቸውና።

ከተዘረዘሩ ቃላት አንዱን የሚቀበል አትሪቢዩት የማያውቀውን ቃል ሲሰጡት አብዛኛውን ጊዜ የራሱ መመለሻ አለው። በኢንፑት (በማስገቢያ ሳጥኑ ኤለመንት) ላይ ያለውን ታይፕ እንመልከት። ኢሜይል፣ ነምበር፣ ፓስወርድ፣ ዴት የሚሉትን ያውቃል፤ የፊደል ስሕተት ሠርተው «ፓስዎርድድ» ብለው ቢጽፉ ግን ብራውዘሩ ሳያጉረመርም ተራ የጽሑፍ ሳጥን ያደርገዋል። ተጠቃሚው የሚያስገባው የምስጢር ቃል በነጠብጣብ መሸፈኑ ቀርቶ ለተመልካች ሁሉ ገሃድ ይወጣል፤ ገጹ ግን «በትክክል» እየሠራ ነው።

ቁጥር የሚቀበሉም አሉ። የምስል ስፋትና ቁመት የሚነገርባቸው ዊድዝና ሃይት ያለ መለኪያ ቃል ይጻፋሉ፤ 300 ማለት 300 ፒክሰል ማለት ነው። ከቁጥሩ ጎን ፒክሰል የሚለውን አሕጽሮት ቢጨምሩ ብራውዘሩ ቁጥሩን ወስዶ የቀረውን ይጥላል፤ መመርመሪያው ግን ስሕተት ይለዋል። ሁለቱን መጻፍ ትርፍ ሥራ የሚመስለው ሰው አይጠፋም፤ ነገር ግን የዛሬ ብራውዘሮች ከነዚህ ቁጥሮች የምስሉን ምጥጥን አስልተው ቦታ ስለሚይዙለት፣ ምስሉ ዘግይቶ ሲደርስ ጽሑፉ ወደ ታች ተገፍቶ አንባቢው ከያዘው መስመር አይፈናቀልም።

ክላስ ደግሞ በክፍት ቦታ የተለያዩ ስሞችን ይቀበላል። ክላስ="ትልቅ ቀይ" ሁለት ስም ነው። ስሙን በአማርኛ መጻፍም ይቻላል፤ ይሁንና ሁለት ነጥቡ (፡) ለዐይናችን ቃል ከቃል ይለይ እንጂ ለኤችቲኤምኤል እንደ ማንኛውም ፊደል ነው። ክላስ="ትልቅ፡ቀይ" ብለው ከጻፉ ያገኙት አንድ ረጅም ስም ነው፤ ነጠላ ሰረዝም ቢያስገቡ እንደዚያው።

ያለ_ጥቅስ

ከላይ የተባለው ሁሉ ትክክል ነው። በጥቅሱ ጉዳይ ግን ጀማሪውን ከመጠን በላይ ባናስፈራው ይሻላል። እሴቱ ክፍት ቦታ፣ የጥቅስ ምልክት፣ እኩል ይሆናል፣ የማዕዘን ቅንፍ ወይም ባክቲክ የሚባለው ምልክት (`) ከሌለበት፣ ባዶም ካልሆነ፣ ያለ ጥቅስ መጻፍ በደንቡ የተፈቀደ ነው። እኔ ለረጅም ጊዜ እንዲሁ ስጽፍ ኖሬያለሁ፤ ፋይሉም ያንሳል፣ ዐይንም አይደክምም።

መዝጊያ_ታግ

ፈቃዱ አለ፤ አልከራከርዎትም። እርስዎ ግን መቼ ያለ ጥቅስ መጻፍ እንደማይቻል ያውቃሉ፤ ጠያቂያችን ገና ነው። ዛሬ አንድ ቃል የሆነው እሴት ነገ ሁለት ቃል ሲሆን፣ ሁለተኛው ቃል የእሴቱ አካል መሆኑ ቀርቶ ራሱን የቻለ አዲስ አትሪቢዩት ሆኖ ይነበባል። ሁልጊዜ በጥቅስ መጻፍ ይህን ሥጋት ከሥሩ ይነቅለዋል። ነጠላ ጥቅስና ድርብ ጥቅስ እኩል ናቸው፤ በእሴቱ ውስጥ አንደኛው ካለ በሌላኛው መክበብ ነው።

ይልቅ ከባዱ ችግር የጥቅሱ መልክ ነው። ኮዳቸውን በጽሑፍ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ላይ የሚጽፉ፣ ወይም ከዚያ ቀድተው የሚለጥፉ ሰዎች ሳያውቁት ጠምዘዝ ያለውን ጥቅስ ያስገባሉ፤ የአማርኛ መጻፊያ እንደበራ ከሆነ ደግሞ የኛው « » ሊገባ ይችላል። ኤችቲኤምኤል የሚያውቀው ቀጥ ያለውን ጥቅስ ብቻ ነው። ክላስ=“ትልቅ ቀይ” ተብሎ ቢጻፍ ብራውዘሩ እሴቱ ያለ ጥቅስ እንደ ተጻፈ ይቆጥርና የመጀመሪያውን ቃል ከነጠምዛዛው ጥቅስ እንደ ክላስ ስም፣ «ቀይ”» የሚለውን ደግሞ እንደ ሌላ አትሪቢዩት ስም ይይዘዋል። የሊንክ አድራሻ በሚጻፍበት በኤችሬፍ ላይ ቢሆን ሊንኩ ወደሌለ ገጽ ይወስድዎታል፤ በአድራሻው አሞሌ ላይ ከፋይሉ ስም በፊትና በኋላ የመቶኛ ምልክት የበዛበት ድርድር ካዩ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል። ኮድ በኮድ ማረሚያ ፕሮግራም ይጻፍ የሚባለው በከንቱ አይደለም።

ያለ_ጥቅስ

በዚህስ ተስማምቻለሁ። ለጀማሪ ጥቅስ ይሁን።

አዲስ_ገብ (ጠያቂ)

ፎርሜ ወደ ሰርቨር ሲላክ የኢሜይሉ ሳጥን ይዘት ጨርሶ አይደርስም። አይዲ ሰጥቼዋለሁ፣ መለያ ጽሑፉም ከሳጥኑ ጋር ተያይዟል፤ ጽሑፉን ስጫነው ጠቋሚው ሳጥኑ ውስጥ ይገባል። የቀሩት ሳጥኖች ግን ያለችግር ይደርሳሉ። ምን ጎድሎት ይሆን?

ነጠላ_ሰረዝ

ኔም የተባለው አትሪቢዩት ጎድሎት ይሆናል። አይዲና ኔም ብዙ ጊዜ አንድ እሴት ስለሚሰጣቸው አንዱ ሌላውን የሚተካ ይመስላል፤ ሥራቸው ግን ለየቅል ነው። አይዲ ኤለመንቱ በገጹ ውስጥ የሚታወቅበት መለያ ነው፤ በአንድ ገጽ ውስጥ ሊደገም አይገባም፣ ክፍት ቦታም አይኖረውም። በሌብል (በመለያ ጽሑፉ ኤለመንት) ላይ ያለው ፎር የሚያመለክተው አይዲን ነው፤ ጽሑፉን ሲጫኑ ጠቋሚው የገባልዎት በዚህ ምክንያት ነው። ኔም ግን መረጃው ወደ ሰርቨር ሲጓዝ የሚጠራበት ስም ነው፤ ስም የሌለው ሳጥን ከሚላከው ዝርዝር ውስጥ አይካተትም።

ኔም ኖሮትም የማይላክ ካለ ሌላ ነገር ይመልከቱ። ዲስኤብልድ የሆነ ሳጥን አይላክም፤ ሪድኦንሊ የሆነ ግን ይላካል። ሰው እንዲያየው እንጂ እንዲለውጠው የማይፈልጉት መረጃ ካለ ሁለተኛውን ይምረጡ። ምልክት ያልተደረገበት ቼክቦክስም እንዲሁ አይላክም።

አይዲን ካነሣን አንድ ልጨምር። በገጹ ውስጥ ወዳለ ክፍል ለመዝለል በኤችሬፍ ላይ መሰላሉን (#) አስቀድመው የክፍሉን አይዲ ይጽፋሉ። አይዲው በአማርኛ ሊሆን ይችላል፤ አይዲ="ፀሐይ" ብለው ኤችሬፍ="#ፀሐይ" ቢሉ ይሠራል። አይዲውን በ«ፀሐይ»፣ ሊንኩን በ«ጸሀይ» ቢጽፉ ግን ለኛ አንድ ቃል ሆኖ ሳለ ለብራውዘሩ ሁለት የማይተዋወቁ ስሞች ናቸው፤ እሱ የሚያወዳድረው የፊደሎቹን መለያ ቁጥር እንጂ ድምፃቸውን አይደለም። ሊንኩ ዝም ይላል። በላቲን ፊደል ሲጽፉም ትልቁና ትንሹ ፊደል ይለያያሉ፤ ፊደል የማይለየው የአትሪቢዩቱ ስም ነው፣ የአይዲው እሴት አይደለም።

በጆሮ_አንባቢ

እኔ ድረ ገጽ የማነበው በስክሪን ሪደር፣ ማለትም ጽሑፉን በድምፅ በሚያነብ ፕሮግራም፣ ስለሆነ፣ እስካሁን ያልተነሡ ሁለት አትሪቢዩቶችን ልጥቀስ። ለሚያይ ሰው መኖራቸው ስለማይታወቅ ጀማሪዎች ይተዉአቸዋል፤ ለኔ ግን ገጹን ለማንበብ ወይም ለመዝጋት የሚያስወስኑኝ እነሱ ናቸው።

የመጀመሪያው በምስል ላይ የሚገባው አልት ነው። አልት ከነጭራሹ ያለመኖሩና ባዶ ሆኖ መጻፉ አንድ እንዳልሆነ ብዙ ሰው አያውቅም። ባዶ ጥቅስ ያለው አልት «ይህ ምስል ለጌጥ ነው፣ እለፈው» ማለት ነው፤ አንባቢዬም ድምፅ ሳያሰማ ያልፈዋል። አልት ከሌለ ግን ፕሮግራሙ ምን እንደሚያደርግ ስለማያውቅ የፋይሉን ስም ሊያነብልኝ ይችላል፤ ከካሜራ እንደወጣ የቀረ የፊደልና የቁጥር ድርድር ሲነበብ መስማት አሰልቺ ነው። ምስሉ ሊንክ ከሆነ ደግሞ በአልቱ ውስጥ የምፈልገው ሊንኩ የት እንደሚያደርስ ነው፤ የምስሉ መልክ አይጠቅመኝም። «የቤት ቅርጽ ያለው ሰማያዊ ምልክት» ከሚለኝ «ወደ መነሻ ገጽ» ቢለኝ ይሻለኛል።

ሁለተኛው ላንግ ነው። በኤችቲኤምኤል ታግ ላይ ገጹ በምን ቋንቋ እንደተጻፈ የሚናገረው እሱ ነው፤ የአማርኛው እሴት ኤ እና ኤም የሚባሉት ሁለት የላቲን ፊደላት ናቸው። ብዙዎች ከሌላ ቦታ የቀዱትን መነሻ ኮድ ሳይነኩት ስለሚተዉት፣ አማርኛ ገጽ «እንግሊዝኛ ነኝ» እያለ ይቀርባል፤ አንባቢ ፕሮግራሙም በእንግሊዝኛ ድምፅ ሊያነበው ይሞክራል። በአማርኛው ገጽ መካከል የሌላ ቋንቋ አንቀጽ ካለ በዚያ አንቀጽ ላይ ብቻ ሌላ ላንግ መስጠት ይቻላል። ላንግ እንደ አይዲ፣ ክላስና ታይትል ሁሉ በማንኛውም ኤለመንት ላይ የሚገባ ነውና።

መዝጊያ_ታግ

ይህን ስላነሡልን አመሰግናለሁ። ከላንግ ጎን የፋይሉ ፊደላት በምን ኮድ እንደተቀመጡ የሚናገረው የሜታ ቻርሴትም አይረሳ። እሴቱ ዩቲኤፍ-8 መሆን አለበት፤ ታጉም ከፋይሉ የመጀመሪያ 1024 ባይት ውስጥ መገኘት ስላለበት በሄድ (ስለ ገጹ መረጃ በሚይዘው ኤለመንት) መክፈቻ ላይ ማስቀመጥ ነው። እሱ ሲጎድል ፊደላችን ትርጉም ወደሌለው የላቲን ምልክት ሊለወጥ ይችላል።

አዲስ_ገብ (ጠያቂ)

ኔምን ስጨምር ኢሜይሉ መድረስ ጀመረ። አሁን ያልገባኝ ሁለት ነገር ቀርቷል። አንደኛ፣ በሳጥኑ ውስጥ አዲስ ጽሑፍ አስገብቼ በብራውዘሩ መመርመሪያ ስመለከት የቫልዩ አትሪቢዩት አሁንም የድሮውን ያሳያል። ሁለተኛ፣ የምስጢር ቃሉን ገልጦ የሚያሳይ ትንሽ አዝራር በፎርሙ ውስጥ ጨምሬ ነበር፤ እሱን ስጫን ግን ፎርሙ ራሱ ይላካል።

ነጠላ_ሰረዝ

በመጀመሪያው ላይ ያዩት ትክክል ነው። በኤችቲኤምኤሉ ውስጥ የተጻፈው ቫልዩ የሳጥኑ መነሻ ይዘት ነው፤ ተጠቃሚው ሲጽፍ የሚለወጠው ብራውዘሩ በማስታወሻው የያዘው የሳጥኑ ወቅታዊ ሁኔታ ነው፣ እሱም ፕሮፐርቲ ይባላል። ቼክድም እንዲሁ መነሻውን ብቻ ይናገራል። ገጹን በፕሮግራም ወደሚያንቀሳቅሰው ቋንቋ፣ ወደ ጃቫስክሪፕት፣ ሲሻገሩ ይህ ልዩነት ደጋግሞ ይመጣብዎታል። ለምሳሌ የአዝራሩን ዲስኤብልድ ፕሮፐርቲ ፎልስ ቢያደርጉት አዝራሩ ይነቃል፤ አትሪቢዩት በሚጽፈው ትእዛዝ በሴትአትሪቢዩት በኩል ፎልስ ብለው ቢሰጡት ግን ቃሉ እንደ ጽሑፍ ይገባና በመጀመሪያው ጥያቄዎ ላይ ያየነው ነገር ይደገማል። በስክሪፕት አትሪቢዩቱን ማንሣት ከፈለጉ ሪሙቭአትሪቢዩት አለልዎት።

ለሁለተኛው፣ በፎርም ውስጥ ያለ የበተን ኤለመንት ታይፕ ካልተሰጠው እንደ ሰብሚት (መላኪያ) ይቆጠራል፤ ያልተጻፈ አትሪቢዩትም የራሱ መነሻ እሴት ሊኖረው ይችላል ማለት ነው። በትንሹ አዝራር ላይ ታይፕ="በተን" ብለው ይጻፉ፤ ከዚያ በኋላ ስክሪፕቱ የሚያዝዘውን ብቻ ይፈጽማል። በመላኪያው ላይም ሰብሚት የሚለውን በግልጽ ቢጽፉት ኮዱን በኋላ የሚያነብ ሰው አይደናገርም።